ዝም ያለ ሁሉ አልዳነም፦ ባይፖላር ሕመም ባለባቸው ታዳጊ ወጣቶች ላይ ድብርትን ስለመመርመር

መግቢያ

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ሳንሱሲ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከእናቱ ጋር በአካባቢው ወዳለ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ልጁ ከሦስት ወራት በፊት ለስምንት ቀናት ያህል በቂ እንቅልፍ ሳይተኛ፣ ሳያቋርጥ እየተናገረ፣ ልብሱንና መጻሕፍቱን ለጎረቤት እያደለ፣ በቅርቡ ፋብሪካ እንደሚከፍትም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ እያወጀ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ከርሞ አማኑኤል ሆስፒታል ገብቷል። በዚያም ባይፖላር ሕመም እንዳለበት ታውቆ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ማኒያውም በረደለት። ከዚያ በኋላ ክትትሉን በአቅራቢያው እንዲቀጥል ተላከ። እናቱ ስለ ልጃቸው ሁኔታ ሲጠየቁ፣ “ተመስገን፣ አሁንስ አርፏል። ዝም ብሎ ተኝቶ ይውላል፤ ከማንም አይጣላም” ሲሉ መለሱ። ባለሙያውም በካርዱ ላይ “ተሻሽሏል” ብሎ ጽፎ የወር መድኃኒት በመስጠት ሸኛቸው። በሁለተኛው ቀጠሮም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ግን አንዲት ነርስ እናቱን ውጭ እንዲጠብቁ ጠይቃ ልጁን ለብቻው አነጋገረችው። ትምህርት ካቋረጠ አምስት ሳምንት እንደሆነው፣ በታመመበት ወቅት ያደረገውን እያስታወሰ በኀፍረት ከቤት መውጣት እንዳቃተው፣ ሌሊት ሌሊትም ሞትን እንደሚመኝ ነገራት።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከመሰል ታካሚዎች ሁኔታ ተውጣጥቶ ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም ተመላላሽ ታካሚዎችን የሚያይ የጤና ባለሙያ ሁሉ ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። እናቲቱ አልዋሹም፤ ልጃቸውን ያነጻጸሩት በማኒያው ወቅት ከነበረው ልጅ ጋር ነው። ከዚያ ሁከት ጋር ሲነጻጸር ዝምታው በእርግጥም ዕረፍት ይመስላል። ስህተቱ የባለሙያው ነው፤ መነጻጸሪያው ማኒያው ሳይሆን ከማኒያው በፊት የነበረው ልጅ መሆኑን ዘንግቷልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባይፖላር ሕመም ባለባቸው ታዳጊ ወጣቶች ላይ የሚከሰተውን ድብርት በጤና ጣቢያ ደረጃ ለይቶ ለማወቅ የሚረዱ ነጥቦችን ማቅረብ ነው።

ድብርቱ ለምን ይሰወራል?

በአገራችን ስለ ባይፖላር ሕመም በኅብረተሰብ ውስጥ ከተካሄዱ ጥናቶች ዋነኛው በቡታጅራ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ነው። በጥናቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው 315 ያህሉ የአንደኛው ዓይነት ባይፖላር ሕመም እንዳለባቸው ተረጋግጧል። በሕይወት ዘመን ሕመሙ የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻ በወንዶች 0.6 በመቶ፣ በሴቶች 0.3 በመቶ ነበር። ሕመሙ በአማካይ የጀመረው በ22 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ይህ አማካይ እንደመሆኑ በብዙዎች ላይ ሕመሙ የሚነሳው ገና በትምህርት ቤት ሳሉ መሆኑን መረዳት ይቻላል። እነዚሁ ታካሚዎች በአማካይ ለሁለት ዓመት ተኩል ክትትል ሲደረግላቸው ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል፤ የድብርት ማገርሸት የደረሰባቸውም ከማኒያው ብዙም አላነሱም።

በአሜሪካ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንደኛው ዓይነት ባይፖላር ሕመም ያለባቸውን 146 ሰዎች በየሳምንቱ ያሳለፉትን ሁኔታ እየመዘገበ በአማካይ ለ13 ዓመታት ያህል ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት ታካሚዎቹ ከክትትሉ ሳምንታት 32 በመቶ ያህሉን በድብርት ምልክቶች፣ 9 በመቶ ያህሉን ብቻ በማኒያ ምልክቶች አሳልፈዋል። እኛ ሕመሙን የምናውቀው በማኒያው ነው፤ ታካሚው ግን ከሕመሙ ጋር የሚኖረው በአብዛኛው በድብርቱ ነው።

ለመሰወሩ ሌላም ምክንያት አለ። ማኒያ የያዘው ልጅ ቤተሰብንና ጎረቤትን ስለሚያውክ ገንዘብ ተበድሮም፣ ታክሲ ተኮናትሮም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የደበረው ልጅ ግን ማንንም አያስቸግርም። ቤተሰቡ በማኒያው ወቅት ከደረሰበት ድካምና ወጪ ገና ያላገገመ በመሆኑ ዝምታውን እንደ በረከት ይቀበለዋል። ባለሙያውም ብዙ ታካሚ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ የማይረብሸውን ልጅ ፈጥኖ ያሰናብታል።

የምንፈልገው ምንድን ነው?

የድብርት መሠረታዊ መስፈርት በባይፖላር ሕመምም ሆነ ያለ እርሱ አንድ ነው። ከዘጠኙ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንታት፣ ቀኑን በአብዛኛው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሊታዩ ይገባል። ከእነዚህም አንዱ ሐዘን ወይም ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ቀሪዎቹ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት ለውጥ፣ የእንቅልፍ ማነስ ወይም መብዛት፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቅበጥበጥ፣ ድካም፣ የዋጋ ቢስነት ወይም የበደለኝነት ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ እንዲሁም የሞት ሐሳብ ናቸው።

በታዳጊዎች ላይ ግን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው፣ ሐዘኑ በብስጭት መልክ ሊገለጥ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደት ባይቀንስም እንኳ በዕድሜው የሚጠበቀውን ክብደት አለመጨመሩ ራሱ ምልክት መሆኑ ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው መመዘን አስፈላጊ ነው።

ብስጭት በድብርትም በማኒያም የሚታይ በመሆኑ ብቻውን መንገድ አያሳይም። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ቁጣው የሚመጣው ከኃይል ጋር ነው ወይስ ከድካም ጋር የሚለው ነው። በማኒያ ጊዜ ልጁ የሚቆጣው ሐሳቡን ሲገቱበት ነው፤ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ዕቅዱ ይበዛል፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶም ትኩስ ሆኖ ይነሳል። በድብርት ጊዜ ደግሞ የሚቆጣው እንዳይነኩትና ብቻውን እንዲተዉት ነው፤ እንቅልፍ ቢያጣም ያጣውን እንቅልፍ ይመኛል፣ ጠዋትም ደክሞት ይነሳል።

አጠያየቅ

“ድብርት” የሚለው ቃል በሙያችን የሕመም ስም ነው። በአዲስ አበባ ልጆች አንደበት ግን “ደበረኝ” ማለት ሰለቸኝ፣ አልተመቸኝም፣ ትምህርቱ አላስደሰተኝም ማለትም ነው። ስለዚህ “ድብርት አለብህ?” ብሎ የጠየቀ ባለሙያ በቀላሉ “አዎ” የሚል መልስ ያገኛል፤ ነገር ግን ምን እንደተነገረው አያውቅም። በተቃራኒው፣ በእርግጥ የታመመው ልጅ ቃሉ ቀልሎበት “አይ፣ ምንም አልሆንኩም” ሊል ይችላል። የተሻለው መንገድ የሕመሙን ስም ትቶ ስለ ውሎው መጠየቅ ነው። “ትናንት ከእንቅልፍህ ከተነሳህ ጀምሮ እስክትተኛ ድረስ ምን ምን አደረግህ?” “ድሮ ደስ ይልህ የነበረ፣ አሁን ግን የማያጓጓህ ነገር ምንድን ነው?” “ጓደኞችህ ለኳስ ሲጠሩህ ትወጣለህ? ካልወጣህስ ምን ትላቸዋለህ?” የመሳሰሉት ጥያቄዎች ይበልጥ ያናግራሉ።

ብዙ ታካሚዎች ስሜታቸውን በአካል ሕመም እንደሚገልጹ መዘንጋት የለበትም። ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴ ይባባል የሚሉ አነጋገሮች ሲደጋገሙ ከኋላቸው ያለውን ስሜት መጠየቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ልጅ በተደጋጋሚ የታይፎይድና የጨጓራ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ ሊገኝ ይችላል።

ምርመራው ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ወላጅ የሚታየውን፣ ማለትም እንቅልፉን፣ አመጋገቡን፣ ከትምህርት መቅረቱን፣ ንግግሩን በተሻለ ይናገራል። የውስጡን፣ ማለትም ኀፍረቱን፣ ተስፋ መቁረጡን፣ የሞት ሐሳቡን የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው፤ ይህንንም የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ሲሆን ነው። አስቀድሞ ለሁለቱም፣ “ልጁ የሚነግረኝን ምስጢር እጠብቃለሁ፤ ሕይወቱን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሰማሁ ግን ለመርዳት ስል ለቤተሰብ እናገራለሁ” ብሎ ማስረዳት ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል። የሁለቱ ቃል ቢለያይ አንዱን ሐሰተኛ ማድረግ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ያየውን ነው የሚናገረው።

ወላጅን ስንጠይቅ ሦስት ጊዜያትን እንለይ። “ከመታመሙ በፊት በነበረው ዓመት ልጅዎ እንዴት ያለ ልጅ ነበር? በታመመበት ሰሞንስ? አሁንስ ወደ የትኛው ይቀርባል?” ይህ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በመግቢያው የተጠቀሱት እናትም ቢጠየቁ ኖሮ “ድሮማ ተጫዋች ነበር” ብለው ራሳቸው በደረሱበት ነበር።

ከማኒያ በኋላ የሚመጣውን ኀፍረት ለይቶ መጠየቅም ይገባል። ልጁ በመንደሩ ፊት ያደረገው፣ ያባከነው ገንዘብ፣ በመምህሩ ላይ የተናገረው ቃል፣ የወጣለት ቅጽል ስም ሁሉ አሁን ይታወሰዋል። ይህ በራሱ ተገቢ ሐዘን ነው። ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ ሲውጠው፣ ከዚያም አልፎ “እኔ ለምንም የማልረባ ነኝ” ወደሚል ድምዳሜ ሲያደርሰው ግን ወደ ድብርት ተሻግሯል።

በአካባቢያችን ምዘናውን የሚያዛቡ ነገሮች

መመዘኛዎቹ በሌላ አገር የተዘጋጁ በመሆናቸው የእኛን የኑሮ ሥርዓት አያውቁም። በ55ቱ ቀናት ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ስለ ምግብ ፍላጎቱና ስለ ክብደቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ስለ ሕመሙ ላይሆን ይችላል። የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። ጥያቄው “ስንት ጊዜ ትበላለህ?” ሳይሆን “ጾሙ ሲፈታ ምግቡ ያምርሃል?” ሊሆን ይገባል። ሌሊት ለማሕሌት ወይም ለተራዊሕ ሶላት የሚቆም ልጅ እንቅልፉ የሚያጥረው በፈቃዱ ነው። ይሁን እንጂ ባይፖላር ሕመም ላለበት ሰው የእንቅልፍ ማጠር፣ በማንኛውም ምክንያት ቢሆን፣ ማኒያ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ጉዳዩን ከቤተሰብና ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ሊቲየም የሚወስድ ልጅ ያለ ውኃ ሲውል የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሊጨምር እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል።

“በድያለሁ፣ ኃጢአተኛ ነኝ” የሚል አነጋገር በሃይማኖተኛ ቤተሰብ የተለመደ ነው፤ ሕመም የሚያሰኘው ንስሐም ሆነ የቤተሰብ ይቅርታ የማያቀለው፣ ካልተፈጸመ በደል የሚነሳ ወይም ከተፈጸመው ጋር የማይመጣጠን ሲሆን ነው።

ጫትም ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ምርቃናው ቀለል ያለ ማኒያን ሊመስል፣ ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ድካም፣ የእንቅልፍ መብዛትና ጭንቀት ደግሞ ድብርትን ሊመስል ይችላል። ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ነገሩን ያባብሳል። ጫት የሚቅም ልጅ ካቆመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳግመኛ መታየት ይኖርበታል፤ የሞት ሐሳብ ካለ ግን ያን ያህል አይጠበቅም።

መድኃኒቱ ራሱ ድብርት ሊመስል ይችላል። ሃሎፔሪዶልና መሰል መድኃኒቶች ፊትን ያደነዝዛሉ፤ እንቅስቃሴንና ንግግርን ያዘገያሉ። የልጁን ክንድ በማጠፍና በመዘርጋት ግትርነት መኖሩን መፈተሽ፣ አካሄዱን ማየት፣ ምልክቱ የጀመረው መድኃኒቱ በተጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይረዳል። ከዚህ ሌላ እነዚሁ መድኃኒቶች ልጁን አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያሳጣ ውስጣዊ እረፍት ማጣት ሊያመጡ ይችላሉ። ይህ ስሜት እጅግ አስጨናቂ በመሆኑ ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ሊገፋ ይችላልና እንደ ተራ መቁነጥነጥ መታለፍ የለበትም።

ከአካላዊ ሕመሞች መካከል የደም ማነስ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የሚጥል በሽታና የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ሊታሰቡ ይገባል። ሊቲየም የእንቅርት እጢን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሊቲየም እየወሰደ የደከመውና የወፈረ፣ ብርድ የማይችል ታዳጊ የሆርሞን ምርመራ ሳይደረግለት “ደበረው” ብቻ ተብሎ መተው የለበትም።

ስለ ማኒያ ሳይጠየቅ ምርመራው አያልቅም

ቀደም ሲል ባይፖላር መሆኑ ያልታወቀ ታዳጊም በድብርት ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ በብዙዎች ላይ የመጀመሪያው የሕመሙ ገጽታ ድብርት ነውና። ስለዚህ ድብርት ላለበት ታዳጊ ሁሉ የድብርት መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት አንድ ጥያቄ ለእርሱም ለወላጁም መቅረብ አለበት፦ “ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው የተለየ ደስታ ወይም ቁጣ፣ ብዙ ኃይል፣ ብዙ ወሬ፣ ትንሽ እንቅልፍ የታየበት ጊዜ ነበረ?” ምልክቱ ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሆስፒታል ካስገባ ማኒያ፣ ቢያንስ ለአራት ቀናት ቆይቶ ኑሮን ያን ያህል ካላናጋ ቀላል ማኒያ ይባላል። ልጁ ራሱ ይህን ጊዜ እንደ ሕመም ላይቆጥረው፣ እንዲያውም “ያኔ ጥሩ ነበርኩ” ሊል ይችላል።

ታሪኩ ባይገኝም ጥርጣሬን የሚያጠናክሩ ነገሮች አሉ። በቤተሰብ ውስጥ ባይፖላር ሕመም ያለበት ሰው መኖሩ፣ ድብርቱ በለጋ ዕድሜና በድንገት መጀመሩ፣ ከእውነታ የራቀ እምነት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ማስከተሉ፣ የእንቅልፍ መብዛትና የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ ከዚህ በፊት የድብርት መድኃኒት ሲጀምር መቅበጥበጡና እንቅልፍ ማጣቱ ዋነኞቹ ናቸው። ወላጅ “አጎቱ ጨርቁን ጥሎ ነበር፤ ኋላ ግን ጤነኛ ሆነ” ቢል፣ እየመጣ የሚሄድ ሕመም ምናልባት ባይፖላር ነበርና ዝርዝሩ ይጠየቅ።

ማኒያና ድብርት በአንድ ጊዜ ሊታዩም ይችላሉ። ልጁ እያለቀሰ ይንጎራደዳል፣ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ሐሳቡ ይጣደፋል፣ እንቅልፍ የለውም። ይህ ቅይጥ ሁኔታ የሞት ሐሳብ ያለው ልጅ ሐሳቡን የሚፈጽምበት ኃይልም ያገኘበት ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ አስጊ ነው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሥነ አእምሮ ሕክምና መላክ ይኖርበታል።

የነጥብ መመዘኛዎች ጥቅምና ወሰን

በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ፒ.ኤች.ኪው-9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመና በአዲስ አበባ 926 አዋቂ ተመላላሽ ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ መነሻ ሲደረግ መመዘኛው ድብርት ካለባቸው 86 በመቶ ያህሉን ለይቷል፤ ድብርት ከሌለባቸው ደግሞ በትክክል የለየው 67 በመቶ ያህሉን ነው። ይህም ማለት ድብርት ከሌለባቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ያህል “አለበት” ይላል ማለት ነው። ጥናቱ የአዋቂዎች መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከዚህም በላይ መመዘኛው የተራ ድብርትንና የባይፖላር ድብርትን ልዩነት አያውቅም፤ ስለ ማኒያ አንድም ጥያቄ የለውምና።

ለሕፃናትና ለታዳጊዎች በተዘጋጀው የተሻሻለ የሕፃናት ድብርት መመዘኛ ደግሞ 17 ነጥቦች ይታያሉ። 14ቱ በቃለ ምልልስ የሚሞሉ ሲሆን፣ ሦስቱ ባለሙያው በዓይኑ ከሚያየው፣ ማለትም ከፊት ገጽታ፣ ከንግግር መዳከምና ከእንቅስቃሴ ማነስ ይወሰዳሉ። ድምሩ ከ17 እስከ 113 ይደርሳል። በባይፖላር ድብርት ላይ በተደረጉ የታዳጊዎች የመድኃኒት ሙከራዎች በዋናነት የተሠራበት ይኸው ነው። ጊዜ ስለሚወስድና ሥልጠና ስለሚጠይቅ ለጤና ጣቢያ ባይመችም አንድ ትምህርት ይሰጠናል፦ ታዳጊን ስንመረምር ጆሯችንን ብቻ ሳይሆን ዓይናችንንም እንጠቀም።

ነጥብ የሚጠቅመው ለመሰየም ሳይሆን ለመከታተል ነው። በመጀመሪያው ቀን 18 ያገኘ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት 8 ካገኘ ለውጥ አለ። ለዚህም ጥያቄዎቹ በተቻለ መጠን በአንድ ባለሙያ፣ በአንድ ዓይነት አገላለጽ መቅረብ አለባቸው። ከዚሁ ጎን ለጎን የማኒያ ምልክቶችም በየቀጠሮው መጠየቅ አለባቸው፤ የድብርት ነጥብ በድንገት መውረዱ ፈውስ ሳይሆን ወደ ማኒያ መሻገር ሊሆን ይችላል።

ስለ ሞት ሐሳብ መጠየቅ

“ብጠይቀው ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ” የሚል ስጋት በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር ይሰማል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር በጥናት የታወቀ ነው፤ ብዙ ታካሚዎችም የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ቅልል ይላቸዋል። አጠያየቁ ደረጃ በደረጃ ይሁን። “ኑሮ የሚያስጠላህ ጊዜ አለ?” “ብሞት ይሻለኛል ብለህ ታውቃለህ?” “ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?” “እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል? የተዘጋጀህበት ነገር አለ?” “ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ?” “እስካሁን የከለከለህ ምንድን ነው?” የመጨረሻው ጥያቄ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ነው፤ ልጁ ስለ እናቱ፣ ስለ ታናሽ እህቱ፣ ስለ እምነቱ ይናገራል፤ ልንይዘው የሚገባ ገመድም ይኸው ነው።

በፒ.ኤች.ኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ በላይ የሆነ መልስ፣ ጠቅላላ ድምሩ ምንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን፣ ይህን ንግግር የግድ ያስከትላል። ዕቅድ ወይም ሙከራ ካለ ልጁ ብቻውን አይተው፣ በዕለቱ ይላክ፤ ቤተሰቡም መድኃኒትና ፀረ ተባይን ጨምሮ አደገኛ ነገሮችን ከአጠገቡ ያርቅ። የወር መድኃኒት ለልጁ በእጁ መስጠትም ይቅር፤ በሳምንት ተከፍሎ ለወላጅ ይሰጥ። ሊቲየም በተለይ ከመጠን ሲያልፍ ሕይወት ያጠፋል።

ከምርመራው በኋላ

ባይፖላር መሆኑ ለታወቀ ታዳጊ የድብርት መድኃኒት ብቻውን አይሰጥም። በተለይ አሚትሪፕቲሊን ወደ ማኒያ የመገልበጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከመጠን ከታለፈም አደገኛ ስለሆነ ሊወገድ ይገባል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 የድብርት መድኃኒቶች በሕፃናትና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ድርጊት ሊያባብሱ እንደሚችሉ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱም መታወስ አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ነባሩ መድኃኒት በትክክል እየተወሰደ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። “ይወስዳል?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “በሳምንት ስንት ቀን ይረሳል?” የሚለው ይሻላል። ልጁ ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነም ያለ ወቀሳ ይጠየቅ። ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል በአክብሮት ካስረዳን ብዙ ቤተሰቦች ይስማማሉ፤ ካናናቅናቸው ግን የምናጣው ታካሚውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የመድኃኒት ምርጫ ከሥነ አእምሮ ሐኪም ጋር የሚወሰን ነው። ከ10 እስከ 17 ዓመት ላሉ የባይፖላር ድብርት ታካሚዎች ኦላንዛፒንና ፍሉኦክሴቲን በጋራ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሉራሲዶን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። በአዋቂዎች ላይ የሚሠራው ኩዌታፒን ግን በታዳጊዎች በተደረጉ ሙከራዎች ከማስመሰያ መድኃኒት አልበለጠም፤ ማስመሰያውን የወሰዱት ልጆች ራሳቸው በእጅጉ ተሽሏቸው ነበርና። ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የአዋቂዎች ውጤት ለታዳጊዎች በቀጥታ አይሠራም። በየሳምንቱ ተጠርቶ በጥሞና መጠየቅም የልጁን ሁኔታ ሊለውጥ ይችላል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለታዳጊ ልጃገረዶች እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ በዚህ መድኃኒት ላይ ያለች ልጅ ከተገኘችም በድንገት ሳይቋረጥባት ወደ ሐኪሟ ትላክ።

ይህ ሁሉ ለጤና ጣቢያ ይከብዳል የሚል ካለ፣ በጉራጌ ዞን የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውን ጥናት ማስታወስ ይገባል። በዚያ ጥናት ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሰጡት ክብካቤ የአእምሮ ጤና ነርሶች ከሰጡት ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል።

ማጠቃለያ

ባይፖላር ሕመም ያለበት ታዳጊ ወጣት ለክትትል ሲመጣ “ተሻሽሏል” የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊት በካርዱ ላይ አምስት አጫጭር መልሶች ይስፈሩ፦ ከሕመሙ በፊት ከነበረው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ትምህርት ቤት ይሄዳል? እንቅልፉ ስንት ሰዓት ነው፣ ሲነሳስ ይደክመዋል ወይስ ትኩስ ነው? በዚህ ወር የማኒያ ምልክት ታይቶበታል? ለብቻው ተጠይቆ ስለ ሞት ሐሳብ ምን አለ?

በመግቢያው የተጠቀሰው ልጅ በሦስተኛው ቀጠሮ የዳነው በአዲስ መድኃኒት አልነበረም። ነርሷ በሩን ዘግታ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጠችና የሰማችውን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፈች፤ እናቱንም ጠርታ ዝምታው ዕረፍት አለመሆኑን አስረዳቻቸው። በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ተመለሱ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀጠሮም ያስፈልግ የነበረው ይኸው አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር።